የሰፈሩ ማኅበር ኤሊያችሁን አስወጡ አለን፤ ይችላል ወይ?

ጥያቄውን አሜሪካ ያለን ወገኖች በምንወያይበት የኦንላይን ቡድን ላይ ያነሳው ሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር የሁለት ልጆች አባት ነው። ቤቱ ያለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ሁላችንም ኤችኦኤ የምንለው፣ በሚያስተዳድረው ሰፈር ውስጥ ነው። ትልቁ ልጁ ከዓመታት በፊት መዳፍ ላይ የምታርፍ ሱልካታ ኤሊ ገዝቶ አሳደገ፤ ዛሬ አንድ ሰው ብቻውን አያነሳትም። ሙቀት ባለበት ወራት ጓሮ ውስጥ ሣር ስትግጥ ትውላለች። ብርዱ ሲገባ ደግሞ አባትየው ከፕላይውድ በሠራላት ሼድ ውስጥ ታድራለች። በሩ ላይ የፕላስቲክ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፣ ሂተሩም ከጋራዡ በተዘረጋ ገመድ ነው የሚሠራው።

ከማኅበሩ አስተዳዳሪ ድርጅት የመጣው ደብዳቤ በግቢው የተያዘው እንግዳ ተሳቢ እንስሳ የሰፈሩን ውል ስለሚጥስ በ30 ቀን ውስጥ ይውጣ ይላል። ውሉ ግን፣ እሱ እንደገለጸው፣ ከውሻ፣ ከድመትና ከሌሎች የቤት እንስሳት በቀር ከብት፣ ዶሮም ሆነ ሌላ እንስሳ ማርባት ክልክል ነው ከማለት በቀር ኤሊን በስም አያነሳም። ሊያስወጧት ይችላሉ ወይ፣ እምቢ ብልስ ምን ያደርጉኛል ብሎ ጠየቀ። ልጁ ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ ምግብ አልበላም እንዳለም ጨመረበት።

እኔም በምኖርበት ሰፈር የማኅበሩ ቦርድ አባል ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ከጠረጴዛው ወዲህም ወዲያም ሆኜ አይቼዋለሁ። ምላሾቹ ብዙ ስለሆኑ ሁሉንም አላነሳም፤ ለወገን ይጠቅማሉ ያልኳቸውን እነሆ።

1ኛው ምላሽ ደብዳቤውን ቅደደው የሚል ነበር። ቤቱ የራስህ፣ ግቢው የራስህ፣ ሞርጌጁንም ግብሩንም የምትከፍለው አንተ፤ ታዲያ ማን ምን አገባው? 2ኛውም ይህንኑ ደግፎ ነፃ አገር ውስጥ መሆናችንን አስታወሰ። ብዙ ላይክ ያገኙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ አባትየውን ከሁሉ በላይ ሊጎዳው የሚችለውም ይኸው ምክር ነበር።

በ3ኛው ምላሽ ቤት በመሸጥና በማሻሻጥ ሥራ ላይ ያለች እህት በትሕትና አረመቻቸው። ኤችኦኤ ሲያሰኝህ ገብተህ ሲሰለችህ የምትወጣበት ዕቁብ አይደለም አለች። ውሉ በካውንቲው የመሬት መዝገብ ላይ የሰፈረ፣ ቤቱ በተሸጠ ቁጥር ከመሬቱ ጋር አብሮ የሚተላለፍ ግዴታ ነው። በቨርጂኒያ ገዢ የማኅበሩን ሰነዶች ሁሉ የያዘ ጥራዝ ሊሰጠው ይገባል፤ ከተቀበለ በኋላም ካልተስማማው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽያጩን ማፍረስ ይችላል። ከደንበኞቿ መካከል ያን ጥራዝ የሚከፍተው ግን ከስንት አንዱ መሆኑን በቁጭት ጻፈች። ቁጭቷ የእኔም ነው። ሰነዱ ከመቶ ገጽ በላይ ይሆናል፣ እንግሊዝኛውም የጠበቃ እንግሊዝኛ ነው። ስለ እንስሳ የሚናገረው ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ ስለ አጥር፣ ስለ ሼድና ስለ መኪና ማቆሚያ የሚናገረውም እንደዚያው። እነዚህን ብቻ ፈልጎ ማንበብ የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

4ኛው አጭር ነው፤ ደብዳቤውን ሙሉውን ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን ይላል። ማንም ልብ አላለውም፤ ወሳኙ ጥያቄ ግን እሱ ነበር።

5ኛው በድንጋጤ የተጻፈ ይመስላል። ቅጣቱ በየቀኑ እየተደመረ ቤትህን ያሸጥብሃል፣ በሌላ ስቴት አንድ ዘመዴ ላይ ደርሷል አለ። 6ኛው ከዚያው ከቨርጂኒያ ሆኖ ስቴት ከስቴት እንደሚለያይ ካስታወሰ በኋላ የራሱን ስቴት ሕግ በዝርዝር አስቀመጠ። ማኅበሩ መቅጣት የሚችለው ሥልጣኑ በሰነዱ ላይ ከተሰጠው ብቻ ነው። ከመቅጣቱ በፊት ጥፋቱን ለማስተካከል በቂ ጊዜ መስጠት አለበት። ካልተስተካከለም ቢያንስ 14 ቀን ቀደም ብሎ በእጅ ወይም በፊርማ በሚወሰድ ደብዳቤ አስታውቆ ቦርዱ ፊት ቀርቦ እንዲናገር ዕድል ይሰጠዋል፤ ጠበቃም ይዞ መቅረብ ይችላል። ቅጣቱ ለአንድ ጊዜ ጥፋት ከ50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን ከ10 ዶላር አይበልጥም፤ የቀኑም ቆጠራ ከ90 አያልፍም። ቢበዛ 900 ዶላር ማለት ነው።

እዚህ ላይ እኔ የምጨምረው አለኝ፤ 6ኛው አልዋሸም፣ ነገር ግን የሚያስፈራው 900 ዶላሩ አይደለም። ማኅበሩ ፍርድ ቤት ሄዶ ያስወጣልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል፤ እዚያ የተሸነፈ ወገን ደግሞ የአሸናፊውን የጠበቃ ወጪ ጭምር ይከፍላል። የጠበቃ ሂሳብ የት እንደሚደርስ የከፈለ ያውቀዋል። ደብዳቤውን ቅደደው ያሉት ሁለቱ ይህን አልነገሩትም።

7ኛው ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ሄደ፤ ተሳቢ ሁሉ የተረገመ ነው፣ ክርስቲያን ቤት ምን ይሠራል አለ። 8ኛው እርግማኑ ለእባቡ የተነገረ መሆኑን ጠቅሶ በጨዋ ቃል መለሰለት፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚለውንም ተረት አነሳ። 9ኛዋ ግን ቆጣ ብላ ነው የመጣችው። የቤቱን ባለቤት መብት ስታወሩ የጎረቤቱን መብት ማን ያስታውሰው አለች። ትንሽ ልጇ ዘመድ ቤት የውኃ ኤሊ ሲነካካ ውሎ ሳልሞኔላ በተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል። የእሷን ምላሽ የስሜት ጉዳይ አድርገው ያለፉት አሉ፤ እኔ አላልፈውም። የአሜሪካ መንግሥት ከ1975 ጀምሮ የቅርፊታቸው ርዝመት ከ4 ኢንች በታች የሆነ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ የከለከለው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው፤ ትንንሾቹን ልጆች አፋቸው ውስጥ ይከቷቸው ነበርና።

ነርስ የሆነች እህት በ10ኛው ምላሽ ነገሩን አበረደችው። ተሳቢ እንስሳት ራሳቸው ሳይታመሙ ሳልሞኔላ ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ባይነኳቸው ይመረጣል፤ የነካም እጁን በሳሙና ይታጠብ። የእንስሳው ዕቃ ደግሞ ምግብ በሚዘጋጅበት ሲንክ አይታጠብም። አባትየውን ከሰፈሩ ሕፃናት መካከል ወደ ጓሮው የሚገባ ካለ እንዲነግራት ጠየቀችው፤ ጥያቄዋ ኋላ ላይ ጠቅሟል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከቨርጂኒያ ወጣ። የፍሎሪዳው 11ኛ፣ እናንተ በአንድ ኤሊ ትጨቃጨቃላችሁ፣ እኛ ዘንድ ብርድ ሲበረታ ኢጓና የሚባለው እንሽላሊት ከዛፍ ላይ ይወድቃል አለ። ስቴቱ በ2021 ኢጓናንና ቴጉ የተባለውን ትልቅ እንሽላሊት ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ ቀድሞ በቤቱ የነበረው ሰው በጊዜ አመልክቶ ፈቃድ አውጥቶ፣ እንስሳውም በቆዳው ሥር መለያ ቺፕ ተደርጎለት ነው የሚያቆየው። የኒው ዮርኩ 12ኛ በከተማው የጤና ደንብ ኢጓና ከነጭራሹ ክልክል መሆኑን ነገረን። አንዱ ደግሞ ሃዋይ እባብ ይዞ የተገኘ እስከ 200,000 ዶላርና እስከ 3 ዓመት እስራት እንደሚጠብቀው ጻፈ። የሜሪላንዱ 13ኛ በስቴቱ ሕግ አዞና መርዛማ እባብ ቤት ውስጥ መያዝ ወንጀል መሆኑን ጠቀሰ። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ለአባትየው የሚጠቅሙት ግን አንድ ነገር ስለሚያሳዩ ነው። የፌደራል፣ የስቴት፣ የካውንቲና የሰፈር ሕግ በየራሳቸው ይቆማሉ። ካውንቲው ዝም ስላለ ማኅበሩ ዝም ይላል ማለት አይደለም፤ ማኅበሩ ስለፈቀደም የስቴቱ ክልከላ አይነሳም። አራቱንም ጠይቆ ማለፍ ያስፈልጋል።

14ኛው የሐረር ልጅ ነው። ጅብ ከግንቡ ሥር በእጁ እያጎረሰ ያደገ ሰው ኤሊ ፈርቶ ደብዳቤ የሚጽፍን ጎረቤት እንዴት ይረዳዋል ብሎ ጠየቀ። በዚህ በር ብዙ ሰው ገባ። ቡና ስትቆላ ጢሱ ወደ ጎረቤት ሄዶ የተከሰሰች አለች፤ ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው መኪና መንገድ ዳር ቆሞ የተጎተተበት አለ፤ ለፋሲካ በግ ጓሮ አስሮ ካውንቲው ድረስ የተጠራም አለ። የለቅሶው ነገር አንጀቴን በላው። እንግዳ ማቆሚያ ስለሌለ ለሐዘንተኛ የመጣ ሰው መኪናውን ማስጎተት የለበትም፤ እንዲህ ላለው ቀን ማኅበሩን አስቀድሞ ጠይቆ ጊዜያዊ ፈቃድ ማግኘት ይቻላል፣ እኛ ሰፈርም በቦርድ አሳልፈነዋል። ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ግን ወደ ኤሊዋ ልመለስ።

17ኛው ብልጠት መከረ፤ ከሐኪም ደብዳቤ አጽፈህ ለልጁ የመንፈስ ማረጋጊያ እንስሳ ናት በላቸው፣ ከዚያ አይነኩህም አለ። 18ኛው ወዲያው ተቃወመ። የፌደራሉ የቤቶች ሚኒስቴር በጃንዋሪ 2020 ያወጣው፣ በ2025 ግን ያነሳው መመሪያ ከኤሊ በቀር ተሳቢ እንስሳትን ከተለመዱ የቤት እንስሳት ስላላስቆጠራቸው እባብ ወይም እንሽላሊት የሚጠይቅ ሰው ለምን ያው እንስሳ ብቻ እንደሚያስፈልገው የማስረዳት ከባድ ሸክም እንደነበረበት ገለጸ። 19ኛው ታዲያ ኤሊ ተፈቅዷል ማለት ነዋ ብሎ ተነሳ። 20ኛው መለሰለት፦ መመሪያው ኤሊን የጠራው ከሃምስተርና ከዓሣ ጋር፣ ቤት ውስጥ ከሚያዙ ትንንሽ እንስሳት መካከል ነው፤ ሱልካታ ደግሞ ሲያድግ ከ45 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ተመላለሱ፣ በመጨረሻም ስድብ ቀረሽ ሆነና ሞደሬተሩ ገብቶ አስቆማቸው። እኔ ግን የ17ኛውን ምክር የምጠላው ስላልተሳካ አይደለም። በእውነት የታመመ ሰው ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ቦርዶች በጥርጣሬ ዓይን የሚያዩት ሐሰተኛው ስለበዛ ነው። ልጁ ኤሊዋን ይወዳታል፤ ይህ ብቻውን የሚያሳፍር ምክንያት አይደለም፣ በሕመም ስም መጠቅለልም የለበትም።

የሎስ አንጀለሱ 21ኛ ጥሩ ነገር አመጣ። በካሊፎርኒያ ከ2001 ወዲህ በወጣ ወይም በተሻሻለ የማኅበር ሰነድ ባለቤቱን ቢያንስ አንድ የቤት እንስሳ እንዳይዝ መከልከል አይቻልም። ሕጉ የሚጠራቸው ግን የቤት ወፍ፣ ድመት፣ ውሻና በአኳሪየም የሚያዝ የውኃ እንስሳ ናቸው፤ ከነዚህ ውጭ ያለው ከማኅበሩ ጋር በሚደረግ ስምምነት ነው። እንሽላሊት ያለው ሰው በሕግ አላጣም፣ በሕግም አላገኘም፤ ቁጭ ብሎ መነጋገር አለበት።

አባትየው በ23ኛው ተመልሶ መጣና 4ኛው በጠየቀው መሠረት ደብዳቤውን ሙሉውን ለጠፈው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሌላ ክስ አለ፦ ያለ አርክቴክቸር ኮሚቴ ፈቃድ የተሠራ ሼድ፣ በግቢው ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከጎረቤት አጥር ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ። ኤሊዋ ቆፍራ ወደ ጎረቤት አበባ መደብ ገብታ ነበር። ሱልካታ መቆፈር ተፈጥሮዋ ነው፤ በትውልድ አገሯ፣ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ በተዘረጋው ደረቅ ምድር፣ ሙቀቱንና ድርቁን የምታመልጠው መሬት ውስጥ ገብታ ነው።

24ኛው የእኔ ምላሽ ነው። ሁለቱን ክሶች ለያይልኝ አልኩት። በእንስሳው ጉዳይ የሚከራከርበት አለው፤ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች የሰፈር ውልን አጥብበው ነው የሚተረጉሙት፣ ቃሉ ግልጽ ካልሆነም ወደ ባለቤቱ ነፃነት ያደላሉ። ሌሎች የቤት እንስሳት የሚለው ሐረግ በሰነዱ ካልተተረጎመ ቦርዱ በደብዳቤ ብቻ ሊያጠብበው አይችልም። ሰነዱን ለማሻሻል አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቶቹ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በመንግሥት ድጋፍ በተሠሩ የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ቤቶች ላይ የሚሠራው የፌደራል ደንብ ተሳቢን ሲያስወጣ ኤሊን ከነውሻና ድመት ጋር የቤት እንስሳ ብሎ ይጠራዋል። ደንቡ የግል ማኅበርን ባይገዛም ለቦርድ ማሳየት ይጠቅማል። በሼዱ ላይ ግን ክርክር የለውም፤ ያለ ፈቃድ ሠርቷል። እሱን አስቀድመህ አስተካክል፣ ስብሰባው በጽሑፍ እንዲጠራልህ ጠይቅ፣ ከዚያ በፊት ግን ጎረቤትህን ሂድና አነጋግር አልኩት። ቦርዱ ከወሰነበት በኋላ ደግሞ በማኅበሩ የአቤቱታ ሥርዓት አልፎ፣ የመጨረሻው ውሳኔ በተሰጠ በ30 ቀን ውስጥ 25 ዶላር ከፍሎ ለስቴቱ የማኅበራት እንባ ጠባቂ ማቅረብ እንደሚችል ጻፍኩለት።

25ኛው ተቆጣኝ። ነጭ ሰፈር ስለሆነ ነው፣ እንስሳው ውሻ ቢሆን ኖሮ ጎረቤትየዋ ለማኅበሩ አትጽፍም ነበር፣ አንተም ቦርድ ስለሆንክ ለእነሱ ታግዛለህ አለ። እንዲህ ያለ አድልዎ የለም አልልም፤ አለ። ቦርዱ የሌላውን ሰው ያልተፈቀደ ሼድ እያየ የዚህን ሰው ብቻ ከያዘ፣ የሌሎቹን ፎቶ አንስቶ ማቅረብ ራሱ ጠንካራ መከላከያ መሆኑንም ነገርኩት። ያለ ማስረጃ ዘረኛ ናቸው ብሎ ወደ ስብሰባ መግባት ግን ልጁን ኤሊውን ያሳጣዋል። አልተስማማንም፤ በዚያው ቀረ።

የሰሜን ካሮላይናው 27ኛ ያመጣው ታሪክ በሰፈር ሕግ አወጣጥ ላይ ያለኝን ሐሳብ ስለሚያጠናክር ዘርዘር አድርጌ ላንሳው። በጁን 2021 ራሌ ከተማ ውስጥ መርዝ የሚተፋ ኮብራ አንዱ ቤት በረንዳ ላይ ታየ። ሰፈሩ በሩን ዘግቶ ከረመ፤ እባቡ የተያዘው በሁለተኛው ቀን ገደማ ነው። ከባለቤቱ ቤት ካመለጠ ግን ወራት አልፎት ነበር፣ ባለቤቱም ለማንም አላሳወቀም። በስቴቱ ሕግ መርዛማ እባብ የያዘ ሰው ሳጥኑን መቆለፍ፣ ላዩ ላይ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ፣ ካመለጠም ወዲያው ለፖሊስ መንገር አለበት። ከተማው በ2022 መርዛማ እባብና ሌሎች አደገኛ የዱር እንስሳትን ከለከለ። 27ኛው ይህን ያነሳው ማኅበራት ተሳቢን ሁሉ ቢከለክሉ ልክ ናቸው ለማለት ነው። እኔ ከዚያው ታሪክ የማየው ሌላ ነው። ችግሩ መርዙ፣ ያልተቆለፈው ሳጥንና ዝምታው ነው። ቁልፍ፣ ምዝገባና ሲያመልጥ ማሳወቅን የሚጠይቅ ሕግ ሰፈሩን ይጠብቃል። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ያለችን መዳፍ የማትሞላ ጌኮ የተባለች እንሽላሊት ከኮብራ ጋር ጨፍልቆ የሚከለክል ሕግ ግን ሰውን መደበቅ ያስተምረዋል፤ የተደበቀ እንስሳ ሲያመልጥ ደግሞ የሚደውል አይኖርም። በእኛ ሰፈር ሰነድ ላይ የተሳቢ ክልከላ ይግባ የሚል ሐሳብ በመጣ ጊዜ የተቃወምኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከላስ ቬጋስ የጻፈው 29ኛ ሰው ራሱ ሱልካታ አለው። የዚያ አገር ሙቀት ለኤሊው ተስማምቶታል። ምክሩ ከልብ ነው፦ አጥር ሥር ድንጋይ ወይም ብሎክ መሬት ውስጥ ቅበር፣ ገመድ በግቢ አትዘርጋ፣ መብራቱን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ይሥራልህ፤ በገለባና በፕላይውድ መካከል ያለ ሂተር ቤት ያቃጥላል። ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ። ይህች ኤሊ ከ70 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፤ ልጁ ኮሌጅ ሲገባ፣ እናንተም ስታረጁ ማን ይይዛታል? ለቤት እንስሳ ከሚገዙት ብዙዎቹ ከባድ ሲሆኑ መጠለያ በር ላይ እንደሚጣሉ፣ መጠለያዎቹም ሞልተው እንደሚመልሱ ተናገረ። በዱር ያሉት ዘመዶቿ ደግሞ እየጠፉ ነው፤ ከ2000 ጀምሮ ከዱር ተይዞ ለንግድ የሚላክ ሱልካታ ኮታው ዜሮ ነው። ሕፃን ኤሊ ሲሸጥ ይህን የሚናገር ነጋዴ ቢኖር ግማሹ ሰው አይገዛም ነበር፤ መናገርም አለበት።

በ33ኛው አባትየው ውጤቱን ነገረን። ከልጁ ጋር ድፎ ዳቦ ይዘው ጎረቤት ሄዱ። ሴትዮዋ ያስፈራት ኤሊዋ ሳትሆን የልጅ ልጇ በአጥሩ ቀዳዳ እየገባች ዳንዴሊዮን የተባለውን አበባ ማብላቷ ኖሯል፤ ልጅቷ ገና 5 ዓመት አልሞላትም። የነርሷን ምክር ነገራት፣ አበባውን ተከለላት፣ ቀዳዳውን በብሎክ ዘጋ። ለስብሰባው ደግሞ ልጁ ራሱ ጽፎ ቀረበ፤ ስለ ምግቧ፣ ስለ ሙቀቷ፣ ስለ እጅ መታጠብ። ቦርዱ፣ አንድ አባል ተቃውሞ፣ እንዳትራባና እንዳትሸጥ በሚል ቃል ኤሊዋን ከቤት እንስሳት ቆጠራት። ሼዱ ግን አልጸደቀም። ከአጥሩ ርቆ፣ በቤቱ ቀለምና መሸፈኛ እንደገና ተሠርቶ ኮሚቴው እንዲያየው ተባለ፤ የኤሌክትሪኩ ወጪ ብቻ ከባድ ነው። ብርዱ ሳይገባ ካላለቀ ጋራዡን ሊያሞቅላት አስቧል።

25ኛው እንኳን ደስ ያላችሁ አለ፣ ስለ ቦርዶች ያለውን አቋም ግን አልለወጠም። 29ኛው ከማሞቂያው በላይ የሚገጠም የሙቀት መቆጣጠሪያ በፖስታ ልላክልህ ብሎ አድራሻ በኢንቦክስ ጠየቀ። የመጨረሻዋ፣ 36ኛዋ፣ አዲስ ጥያቄ ነው ያመጣችው፦ ኮንዶ ተከራይታ ነው የምትኖረው፣ የኪራይ ውሏ ስለ እንስሳ ምንም አይልም፣ የኮንዶው ማኅበር ደንብ ግን ተሳቢ ይከለክላል፤ ልጇ ለልደቱ ጌኮ ጠይቋታል። ከመግዛትሽ በፊት የባለቤቱንም የማኅበሩንም ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ፣ ተከራይን የማኅበሩም ደንብ ይይዘዋል ብዬ መልሼላታለሁ። የኮንዶ ቦርድ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ ጨምሩላት፤ ልደቱ ቅርብ ነው።